ደንበኛ ቁጥር አንድ

«መገርሳ፣ ልጄን ማን ነው የሰረዘው?»

እማማ አሲያ ያለ ሰላምታ ነገር የሚጀምሩ ሰው አልነበሩም። ከሰበታ ሁለት ታክሲ ቀይረው ፉሪ ቢሯችን ደርሰው፣ ከጥበቃው ከኦቦ ቀጄላ ጋር ተከራክረው፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በእጃቸው የልጃቸውን የኡዘይርን ስልክ ይዘዋል፤ ያንኑ መስታወቱ የተሰነጠቀውን። ሳየው ክው አልኩ።

ኡዘይር አብሮ አደጌ ነው። ባለሱቆች ከጅምላ ነጋዴ ዕቃ በስልክ የሚያዝዙበትን ይሄን ሲስተም የጀመርነው በአባቱ ሱቅ ጓሮ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነበር። መሞከሪያ የሚሆን ደንበኛ ሲያስፈልገኝ «የኔን ስም አስገባ፣ ምን ይቀርብኛል» አለኝ። ስሙንም ስልክ ቁጥሩንም አስገባሁ። ደንበኛ ቁጥር አንድ እሱ ሆነ።

በዓመቱ በቦሳሶ በኩል ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር ሊገባ ወጣ። መንገድ ላይ ይቀሙሃል ስላሉት ስልኩን ለእናቱ ትቶ ሄደ። ይኸው አራት ዓመት፣ ድምፁ ጠፋ።

እኛ ግን አደግን። ያኔ አራት ነበርን፣ ዛሬ ሰማንያ ነን። ለአዲስ ተቀጣሪ መጀመሪያ መለማመጃ ተብሎ የሚሰጠው ኡዘይር ነው። በስሙ ያዝዛሉ፣ ያግዱታል፣ ይፈቱታል። «ኡዘይር ዛሬ እንቢ አለኝ» ይላል አንዱ። «አጥፋውና እንደ አዲስ ፍጠረው» ይለዋል ሌላው፣ ይሳሳቃሉ። ማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ስሙ ከኋላዬ በተጠራ ቁጥር ግን ዞር እላለሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ዞር ማለቱን መተው አቃተኝ።

ትናንት ጠዋት ሥራ አስኪያጁ እንግዶች ሊጎበኙን ስለሆነ የሙከራ ስሞች በሙሉ ይጽዱ አለ። አጠገቤ የምትሠራውን ሲድራን «አጥፊው» ያልኳት እኔው ነኝ። አልዋሽም፣ እፎይ ብዬ ነበር።

ሲስተሙ በየትእዛዙ የሚልካቸው መልእክቶች እውነተኛ ስልክ ላይ እንደሚገቡ አላውቅም ነበር። ሲም ካርዱ ድሮ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። እማማ አሲያ በየወሩ ካርድ እየሞሉ፣ ባትሪውን እያስቀየሩ አቆይተውታል።

ወንበር ሰጠኋቸው። አማርኛ ማንበብ አይችሉም፤ የምታነብላቸው ትንሿ ልጃቸው ራያ ናት። «ውድ ኡዘይር፣ ያዘዙት ሳሙና ደርሶዎታል» ትላቸዋለች፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። «ታዲያ የሞተ ሰው ሳሙና ያዝዛል እንዴ» ይሉ ነበር እማማ። አባትየው ከማል ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው፣ ሬሳው በሌለበት ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለትና ሐዘኑ ይውጣልን ሲሉ፣ ሁለት ጊዜ ያስቆሟቸው ይሄንኑ ስልክ አሳይተው ነው። ትናንት ግን ራያ ሌላ ነገር አነበበች። «ውድ ኡዘይር፣ አካውንትዎ ተሰርዟል።» አባትየው «ይኸው መርዶሽ፣ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ» አሉ።

«ዓርብ ሊሰግዱለት ነው» አሉኝ እማማ አሲያ። «አንተ እዚህ ውስጥ ነህ፣ ታውቃለህ። ሞቶ እንደሆን ሞቷል በለኝ። ካለም አለ በለኝና ሄጄ ላስቁማቸው።»

እኔ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያ ያደረግኩትም የፈሪ ሥራ ነው። ስህተት ነው፣ አሁኑኑ ይስተካከላል አልኳቸውና ሲድራን ኡዘይርን ቶሎ መልሺው ብዬ አዘዝኳት። እሷም የእማማን ፊት እንኳ ቀና ብላ ሳታይ፣ እሺ ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

የእማማ ፊት ፈካ። ወላሂ ብያቸው ነበር፣ ወላሂ ልጄ አልሞተም ብያቸው ነበር፣ አሉ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ በሆዴ።

ተነሥተው ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ ግን መለስ ብለው አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሱቅ ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ደንበኛ ሲዋሽ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ ያውቃሉ።

«የትናንቱ ስህተት ከሆነ፣ ሌሎቹስ?»

እንደምንም ነገርኳቸው፣ ከጆንያው ጀምሮ። ሳሙናውን ያዘዝነው እኛ ነን፣ ዕቃው ደረሰ የምንለውም እኛው ነን፤ እሱ አንድም ቀን አልነበረበትም። የትናንቱም ሞተ ማለት አይደለም። ይኑር ይሙት፣ ወንድሜን እኔም አላውቅም።

ቢሰድቡኝ፣ ቢያለቅሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ከጠየቅኩ መልእክቱ ይቆምብኛል ብዬ ነው አራት ዓመት ያልመጣሁት» አሉ። ቀጥለውም፣ «እንግዲያው ይስገዱለት» አሉ።

ይሄን ብለው ሳይጨርሱ ስልኩ እጃቸው ላይ ጮኸ። ሲድራ ያዘዝኳትን ሠርታለች፤ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እማማ አሲያ ስልኩን ትንሽ አየት አደረጉትና ወደ እኔ ዘረጉት።

«ምን ይላል?»

የሚለውን አውቃለሁ፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተዉት እማማ፣ ማሽን ነው አልኳቸው። የዘረጉትን እጃቸውን አልሰበሰቡም።

«ስሙንም ጨምረህ አንብብልኝ።»

«ውድ ኡዘይር፣ እንኳን በደህና መጡ» ብዬ አነበብኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ ከሩቅ አገር የገባ ሰው በር ላይ ቆሞ እንደሚለው፣ በልጃቸው ፈንታ መለሱልኝ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ።»