ውሃ ያለባት ፕላኔት

ጠሂራ ዱባይ ተራ ባለው የአባቷ ጫማ ሱቅ ውስጥ፣ ላፕቶፗን የካርቶን ቁልል ላይ ከፍታ በጭንቀት ትጠብቅ ነበር። ለማስተርስ ጥናቷ የአንዲት ሩቅ ፕላኔትን አየር ስትመረምር ከርማለች። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ፣ በአየሯ ሾልኮ የሚመጣው ብርሃን አየሩ ምን እንደያዘ ይናገራል። የጠሂራ ስሌት የውሃ ተን አለ ብሏል። መምህሯ ለብቻቸው ያሰሉት ካልገጠመ ግን ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ስልኳ ጮኸ። "ጠሂራ፣ እኔም ጋ ወጥቷል! ውሃ ነው!" አሏት መምህሯ።

"አባዬ! ውሃ አገኘሁ!" ብላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ሐጂ ጠይብ የፕላኔቷ ነገር በቅጡ ባይገባቸውም፣ ልጃቸው እንዴት እንደለፋች ያውቃሉ። ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው በረንዳ ወጡና፣ "ጎረቤት! ልጄ ውሃ አገኘች!" ብለው ተጣሩ።

ሰፈሩ ውሃ ከጠፋበት ሳምንት አልፎታል። ወዲያው ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠሉ ጎረቤቶች በሩ ላይ ተጋፉ።

"የታባቱ ነው? የትኛው ቧንቧ መጣ?"

ጠሂራ ሳቋ አመለጣት። "ኧረ እዚህ አይደለም! ሌላ ፀሐይ በምትዞር ፕላኔት ላይ ነው።"

ሁሉም ባዶ ጀሪካናቸውን ተመለከቱ። ቅር አሰኘኋቸው ብላ ስትሳቀቅ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ የሺ ጀሪካናቸውን አጋድመው ተቀመጡበት።

"በይ ንገሪና" አሏት። "እዚያስ የሚመጣው በፈረቃ ነው?"