ያልተፈጨ እህል

ጌታነሽ ያልተፈጨ ገብሷን ከወፍጮ ቤቱ ወደ ውጭ ትጎትታለች።

«ምነው ጌታነሽ? ተራሽ እኮ ደርሷል፤» ይላታል ባለ ወፍጮው ወንድምአገኝ፣ ከሞተሩ ጎን ቆሞ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

«ኧረ ገብሱ እርጥብ ነው። ድንጋይህን ያበላሽብሃል ብዬ ነው።»

ወንድምአገኝ ጎንበስ ብሎ ከጆንያው አፍ አንድ ፍሬ ያነሳና በጥርሱ ይሰብራል። ቀጭ ይላል። ከዚህ የደረቀ ገብስ በመንዝ ምድር የለም። ጌታነሽ ወደ መሬት ታቀረቅራለች። ሌላ ቀን ቢሆን «ያንተ ወፍጮ ይቆማል እንጂ ምላስህ አይቆምም» እያለች ታስቀው ነበር። ዛሬ አሸክመኝ እንኳ ሳትለው ጆንያውን ለብቻዋ ታግላ አህያዋ ላይ ጫነች፤ ደህና ዋልም ሳትል ሄደች።

ከጧት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንዷ አማቴ ታመውብኛል አለች፤ አንዱ ለዘር ፈለግሁት አለ። ሌሎቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ወጡ። ትናንት እስከ መስኮቱ ተደርድሮ የነበረው ጆንያ ሁሉ ወጥቶ፣ የቀረው የእማሆይ ወለተኪዳን አንድ ቁና የበሶ ገብስ ብቻ ነው። እማሆይ ጆሯቸው አይሰማም፤ የከተማው ወሬ እሳቸው ዘንድ አይደርስም። ግድግዳው ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ምክንያቱ ወንድምአገኝን አልጠፋውም። ባለፈው ሳምንት፣ ሲመሻሽ፣ ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች ከጓሳ በኩል ወርደው እህል አስፈጭተው ሄደዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ እነሱን የሚያሳድዱት መጥተው አስፈጭተው ነበር። ማንንም እምቢ አላለም። «የራበው ሰው እህል ይዞ ሲመጣ፣ ወፍጮ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም» ይላል። ከወንዝ ማዶ ያለው ባለ ወፍጮም እንዲሁ ይል ነበር። እሱን በመኪና መጥተው ከወሰዱት ወዲህ፣ ሚስቱ ስንቅ የምታደርስበትን ቦታ እንኳ የሚነግራት አላገኘችም።

ደጅ የፈረስ ኮቴ ይሰማል። የንስሐ አባቱ መምሬ ገብረ ሥላሴ ናቸው። ያበጠ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ በቀስታ ይወርዱና ፈረሱን በሩ ላይ ያስራሉ።

«ይግቡ አባ። ዱቄቱ እንዳይነካዎት።»

መምሬ ይገባሉ እንጂ አይቀመጡም። ዱቄት የለበሰውን የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ያያሉ፤ ባዶውን ወለል ያያሉ።

«ጽዋውን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ባለፈው ወር ለወንድምአገኝ ተላልፏል። የመጪው አሥራ ሁለት ደጋሽ እሱ ነው። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ደብረ ብርሃን ብትሆንም፣ ጠላውን ሰው ለምኖ አስጠንስሷል።

«ጥንስሱ እኮ ተጥሏል አባ። በጉንም አስሬዋለሁ።»

«ጌጡ ቤት ይሁን ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ተባለ።»

«የጌጡ ተራ ከእኔ በኋላ ነው።»

«ከአንተ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤» ይላሉ መምሬ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ወንድምአገኝ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ጽዋ ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ በሁለት እጁ ይሰጣቸዋል።

«የሰሙት ነገር አለ አባ?»

«ቄስ ብዙ ይሰማል ልጄ። በንስሐ የሰማውን ግን መቼ ይናገራል?»

መስቀላቸውን አውጥተው ያሳልሙታል። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው እንደ ወትሯቸው አያበቁም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ መስቀሉ ግንባሩ ላይ ይቆያል፤ ብረቱ ይቀዘቅዘዋል። ከዚያ ጽዋውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ እያነከሱ ቁልቁል መንገድ ይጀምራሉ።

«አባ! ፈረሱን ረሱት!»

«አልረሳሁትም። ጉልበቴን ላፍታታው ብዬ ነው።» ዞር አይሉም። «ቦራ የጓሳን መንገድ በጭጋግም አይስትም። ኮርቻውንም አላወረድኩለትም።»

ወንድምአገኝ በሩ ላይ ይቆማል። ጭጋጉ ከገደሉ አፋፍ እየወጣ ነው። ጋቢውን ከሚስማሩ ያወርዳል፤ ወደ ፈረሱ ሄዶ ልጓሙን ይጨብጣል።

«ልጄ፣» ይላሉ እማሆይ ከውስጥ፣ «የኔ ተራ አልደረሰም?»

ዞሮ ያያቸዋል። ባዶው ቤት ውስጥ፣ ቁናቸውን ጉልበታቸው ሥር አድርገው፣ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ከሩቅ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ከዚህ በሶ በቀር የሚቀምሱት የላቸውም። ልጓሙን ይለቃል።

«ደርሷል!» ብሎ ጆሯቸው ላይ ይጮሃል። «የእርስዎን ፈጭቼ ነው የምሄደው!»

«ወዴት?»

«ዘመድ ልጠይቅ!»

«ደግ አደረግህ። ዘመድ ካልጠየቁት ይርቃል።»

የናፍጣውን ሞተር ያስነሳል። ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ የሚካኤል ሥዕል ግድግዳው ላይ ይርገበገባል። ቁና ገብስ ምን አላት፣ አሁን ታልቃለች። ዱቄቱ ለብ ብሎ ቀረጢቱ ውስጥ ይወርዳል። በበሩ በኩል ፈረሱ ይታየዋል። ጆሮውን አቁሞ፣ ወደ መሐል ሜዳ ወደሚወስደው የመኪና መንገድ ዞሮ፣ የታሰረበትን ገመድ ይጎትታል። ሞተሩ አስደንግጦት ነው ይላል ወንድምአገኝ በልቡ። ነገር ግን ቦራ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ እዚህ በር ላይ ሲታሰር ነው የኖረው፤ ይህን ድምፅ ያውቀዋል።

የመጨረሻዋን እፍኝ ከወፍጮው አፍ ላይ ጠርጎ ያስገባል። ሞተሩን ያጠፋል። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ይለዝባል፤ ድንጋዩ አጉረምርሞ ይቆማል።

የሞተር ድምፅ ግን አልቆመም። ከመንገዱ በኩል እየቀረበ ነው። እማሆይ ምንም ሳይሰሙ፣ እየመረቁት፣ የቀረጢታቸውን አፍ ይቋጥራሉ።