የተለዋወጥነው አመል

የሕክምና ተማሪ ሁሉ ከሌላ ብሔር ከመጣ የዶርም ጓደኛው ጋር አንድ አመል በመርፌ ይለዋወጣል፤ ደንቡ ነው። እኔ የማርቆሷ ረድኤት ከአፋሯ ዛህራ ዳጉን ወሰድኩ፤ ሰው ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳይደብቅ የሚነግርበትን ወግ። በሽተኛ በማነጋገር ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ዛህራ የእኔን ይሉኝታ ወሰደች፤ ክፉ ዜና አለስልሶ መንገር ቻለችበት።

ለእረፍት ቤት ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ስንቅነሽ፣ "ምን አዲስ ነገር አለ?" አሉኝ።

"እማዬ የእርስዎን ወጥ ውሻ አይቀምሰውም ብላለች።"

ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ደንቡን ያወጣው ሰው ጎረቤት የለውም መሰለኝ።

ወዲያው ዛህራ ከቤቷ ደወለች።

"ረድኤት፣ በረሃብ ልሞት ነው!"

"እናትሽ ምግብ አላቀረቡም?"

"አቀረበች። በልቻለሁ አልኳት።"

"ታዲያ በሞቴ ሲሉሽ ብዪ!"

"የምን በሞቴ? አመነችኝ እኮ!"