ከአራት እስከ አምስት

አባትየው የከተማ አውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አውቶቡስ በደቂቃ ሲያስነሳና ሲያስቆም ኖሮ፣ ሰውም እንደዚያው በሰዓት የሚነዳ መስሎት ቀርቷል። ጡረታ የወጣ ባልደረባው ሚስት ያገባ ጊዜ፣ «መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ተሳፋሪ ይጭናል» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲሳለቅበት ከረመ።

ስለዚህ ቤተኛው ሁሉ «ሚጣ» የሚላት አንድ ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ልትሞላ ስትል፣ ቅዳሜ የሚውለውን የልደቷን መርሐ ግብር ለማንም አላስነካም። በትልቅ ወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ለጠፈው። ቁርስ፣ ሃያ ደቂቃ። ፊኛ መንፋት፣ በደቂቃ ሁለት ፊኛ። የአባት ምክር፣ ከአራት እስከ አምስት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ጭፈራ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ወረቀቱን ቀድመው ያነበቡት አያትየዋ ናቸው። የሚጣ እናት የሞተችው ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ላይ ነበር። ያኔ አያትየዋ፣ የአባትየው እናት፣ «ልጅቷ ራሷን እስክትችል» ብለው አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆናቸው።

«ይኼን ምክር ከሰዓት በኋላ አድርገው» አሉት። «ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ለልጅቷ ባዶ ተውላት።»

«ለምን?»

«ፀጉሯን ትሠራበት።»

«ፀጉር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተይዟል እኮ እማዬ!»

«እንግዲያው ጥፍሯን።»

ሚጣም ከጓዳ ብቅ አለች። «አባዬ፣ እሷን አንድ ሰዓት ብቻ። ሌላውን እንደፈለግክ። ከፈለግክ በፊሽካ እየነፋህ አስጨፍረን።»

ሚጣ ያለ ጭቅጭቅ ከተስማማች አንድ ነገር አለ ማለት ነው። አባትየው ጠረጠረ።

ደግሞም ምክንያት አላጣም። ሚጣ ሰሞኑን ኬክ ልምረጥ እያለች፣ አያቷን አስከትላ በሳምንት ሦስት ቀን ኬክ ቤት ትመላለሳለች። ለአንድ ኬክ! እዚያ ኬክ ቤት ውስጥ ደግሞ በክሬም አበባ የሚሠራ፣ አንድ ጆሮው ላይ ሎቲ ያንጠለጠለ የሃያ አምስት ዓመት ሎጋ አለ።

አንድ ቀን የኬክ ቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ የኬኩን ጠረጴዛ ልለካ ብለው ባለ ሎቲውን ይዘው ቤት ድረስ መጡ። ጠረጴዛ ለመለካት ክራባት አስረዋል። አያትየዋ ሻይ አቀረቡ፤ ለባለ ሎቲው በስኳር፣ ለሽማግሌው ያለ ስኳር። አባትየው ዓይኑን ከባለ ሎቲው ላይ አልነቀለም። ባለ ሎቲውም ሚጣን በዓይኑ ጠቀስ አደረጋት። ሚጣ ሳቀች። አባትየውን ሻዩ ትን አለው።

በማግስቱ አባትየው በሚጣ መጽሐፍ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አገኘ። ሳላስበው ነው ያገኘሁት ቢላችሁ አትመኑት፤ ሦስት መደርደሪያ በርብሮ ነው። በሚጣ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ አራት ሰዓት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የጋብቻ መዝገብ ክፍል። አሥራ ስምንት መሙላት ግዴታ ነው ብለዋል። መታወቂያ እንዳይረሳ!»

አልጋዋ ላይ ቁጭ አለ። ለዚህች ልጅ ሲል ፀጉር መጎንጎን ከቲኬት ቆራጭ ሴቶች ተምሯል። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ሁለት ወር ቀርቷት፣ ለባለ ሎቲ! ልጁን ሊያጣት ነው፤ ይኼን ሲያስብ አለቀሰ። አራት ደቂቃ ያህል።

ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ወደ እናቱ ሄደ። «እማዬ፣ ቅዳሜ ሚጣን ከዓይንሽ እንዳትለያት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።»

«ለአፍታም አልለያት።»

«በተለይ ከአራት እስከ አምስት!»

«እሱን እንኳ ለእኔ ተወው» አሉ አያትየዋ፣ አዲሱን ጫማቸውን በጨርቅ እያሹ።

ቅዳሜ ጠዋት አባትየው ሠላሳ አንደኛውን ፊኛ ሲነፋ ቤቱ ጭር ማለቱን አስተዋለ። ሚጣ የለችም። እናቱም የሉም። ሰዓቱን አየ። ለአራት አምስት ጉዳይ ነው።

«ምስኪን እናቴን አሞኝታት ሄደች!» ብሎ ፊኛውን እንደያዘ ሮጠ።

የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። አሥር ደቂቃ ዘግይቷል፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። በሩን በርግዶ ሲገባ ሚጣ እስክሪብቶ ይዛ መዝገቡ ፊት ተቀምጣለች። ባለ ሎቲው ሙሉ ልብስ ለብሶ ከጎኗ ነው።

«ይቁም!» ብሎ ጮኸ። «ይኼ ጋብቻ አይፈጸምም!»

«አባዬ፣ እባክህ...»

«ዝም በይ! ተታላ ነው እንጂ እሷ ምኑን ታውቀዋለች? ገና ልጅ ናት! ትናንት ጡጦ ያስጣልኳት ልጅ!»

መዝጋቢዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። መዝገቡን አየች። እንደገና እሱን አየችው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እርስዎ ለሙሽራዋ ምኗ ነዎት?»

«አባቷ ነኛ!»

መዝጋቢዋ የሙሽራዋ የትውልድ ዘመን ላይ ጣቷን አሳርፋ ዓመቱን ደግማ አነበበች።

«ልጄ ነው፤ የምስክሬ አባት» አሉ አያትየዋ፣ የኬክ ቤቱን ባለቤት ክንድ ይዘው በበሩ እየገቡ፤ «አባቴማ ከሞተ አርባ ዓመት አለፈው።»