ስለ መምህር ዳልጮ የሚጠይቀው ሰው

መምህር ዳልጮ ሶዶ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ታሪክ ያስተምራል። በደርግ ጊዜ በነፃ ትምህርት ሃንጋሪ ተልኮ ዓመታት ተቀምጧል፤ ኮሚኒስቶቹ ሲወርዱም እዚያው ቡዳፔስት ነበር። ፋብሪካ ሲዘጋ፣ የኢኮኖሚክስ አስተማሪው መንገድ ዳር ካልሲ ሲሸጡ፣ ሰው ጎረቤቱን «ለካ የምታሳብቅብኝ አንተ ነበርክ!» ብሎ ሲያንቀው በዓይኑ አይቷል። ይህን ለተማሪዎቹ ሲተርክ አሳባቂዎቹ ጋ ሲደርስ ጠመኔውን ያስቀምጥና፣ «ሰው እንዴት እስከዚህ ይወርዳል?» ይላል። ተማሪዎቹ እስክሪብቷቸውን ያስቀምጣሉ። ፈተና ላይ አይመጣማ።

በ1992 ጥቅምት ላይ ያስተማረው፣ የሃንጋሪ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 አደባባይ ወጥተው መንግሥትን እንዴት እንደተቃወሙ ነበር። በኅዳር የሶዶ ተማሪዎች የራሳቸውን ቋንቋ ከጎረቤት ሕዝቦች ቋንቋ ጋር በቀላቀሉት አዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተቆጥተው አደባባይ ወጡ። ሰው ታሰረ፣ መምህራን ወደ ሩቅ ቦታ ተዛወሩ። ዳልጮን ማንም አልነካውም። እንቅልፍ የነሣውም ይኸው ነው፤ ተራው ገና ያልደረሰ ብቻ መሰለው።

ጥር ላይ ባለሱቁ ጩማ ስኳር እየመዘነለት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ ዳልጮ፣ አንድ ሰውዬ ስለ እርስዎ ይጠይቃል።»

«ምን ብሎ?»

«ጎሳው ምንድነው አለኝ። የእናቱስ አለኝ። ማታ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ከማን ጋር ይጠጣል፣ ውጭ አገር ምን ሲሠራ ነበር... እኔ ምን አውቃለሁ! ጥሩ ሰው ነው አልኩት።»

«ከየት ነኝ አለ?»

«ከጉኑኖ። ኮት ለብሷል።»

ዳልጮ ስኳሩን ትቶ ወጣ። ጉኑኖ የገበሬ አገር ነው፤ በሥራ ቀን ኮት ለብሶ የሰው ጎሳ የሚጠይቅ፣ መንግሥት ደመወዝ የሚቆርጥለት ሰው ብቻ ነው ብሎ ደመደመ። ዘመኑም ዘር ሳይጠየቁ ጉዳይ የማይፈጸምበት ዘመን ነው።

ሰውየው ቤተ ክርስቲያንም ሄዶ ኖሯል። ዳልጮ የጉባኤውን ሽማግሌ ምን እንደጠየቃቸው ቢያዋክባቸው፣ ፈገግ ብለው «አትጨነቅ፣ መልካሙን ነው የነገርነው» አሉት። ዳልጮ ፈገግታ የሚያምንበት ጊዜ አልነበረም።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ለአሳየሽ ነገራት። ቦምቤ በምትባል የገጠር ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው ሰገነት ለእረፍት መጥታ ሰሃን ታጥብ ነበር። «ከጉኑኖ» ሲል ሰሃኑ ከእጇ ወደቀ።

«አባዬ፣ ሰውየው ምናልባት...»

«ዝም በይ! ጎረቤት ይሰማል።»

ሰገነት አቀርቅራ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። ልጄን ሳይቀር አስፈሯት፣ አለ ዳልጮ በሆዱ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በመስኮት አየው። ሽበታም፣ ረጅም፣ ቡና ዓይነት ኮት የለበሰ ሰው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ላሞቹን አየ፤ የእንሰቱን ጓሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ፤ የቤቱን ቆርቆሮ ቀና ብሎ አየ። በጓሮ ማምለጫ እንዳለ እያጠና ነው! ዳልጮ መጋረጃውን ዘጋ። ሰውየው ሲሄድለት የቡዳፔስት ፎቶግራፎቹን በሙሉ አውጥቶ አቃጠለ። ከጓደኞቹ ጋር ዳኑብ ወንዝ ላይ የተነሣውን እሳት ውስጥ ሲጥል አለቀሰ።

«እንዲህ ከምትሰቃይ ራስህ ሄደህ ሰውየውን ለምን አትጠይቀውም?» አለችው አሳየሽ።

ምክሩን ወሰደ፤ ግን በራሱ መንገድ። ዓርብ ጠዋት ወደ ቀበሌ ሄደ። መንገድ ላይ አሰላው፦ ሰውየው የእነሱ ከሆነ ታማኝነቴን ያዩልኛል፤ ካልሆነም ይገላግሉኛል።

«አንድ የማይታወቅ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሰውን በጎሳ እየለየ ይጠይቃል» አለ ለሹሙ። «ከተማሪዎቹ ረብሻ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። ሌላ ሁከት እንዳያስነሣ ብዬ ነው።»

ሹሙ ቀና አለ። «የእኛ ሰው አይደለም። መልኩ ምን ይመስላል?»

ዳልጮ ሽበቱንም፣ ቁመቱንም፣ ኮቱንም ነገረው።

«ደግ አደረግህ፣ መምህር። ዜጋ እንዲህ ነው።»

ሲወጣ ትንሽ ቀለል አለው። ቤቱ ሳይደርስ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። የቀበሌው ሰው ካልሆነ፣ ከበላይ የተላከ ነዋ! ከበላይ የተላከውን ሰው ነው ሄዶ የከሰሰው። ቅዳሜን ሙሉ አልጋው ላይ ተኝቶ የበሩን ድምፅ ሲጠብቅ ዋለ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሦስቱም ኮት ለብሰዋል። ያ ሰውዬ አብሯቸው የለም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ዳልጮ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«አንቀመጥም» አሉ ታላቅየው። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም።»

ዳልጮ ወደ አሳየሽ ዞሮ፣ «ጃኬቴን አምጪልኝ፤ ሹራብም ጨምሪበት» አላት። እስር ቤት ብርድ እንደሆነ ሰምቷል።

ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከጉኑኖ ነው የመጣን። አጥንታችሁን ጠይቀናል፣ ጎሳችን አይገናኝም። ቤታችሁን አይተናል፣ ወደነዋል። ልጃችሁን ሰገነትን ቦምቤ አብሯት ለሚያስተምረው ልጃችን እንድትሰጡን ነው።»

አሳየሽ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሰገነት ከጓዳው በር ጀርባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዳልጮ ሳቀ፤ ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አቅፎ አስቀመጣቸው።

«እኔ ሞኝ! ለዚህ ነው ስንት ቀን የተሰቃየሁት!» አለ። «ታዲያ የልጁ አባትስ? እሱ ለምን አልመጣም?»

«ባዳቾ? ስለ ቤታችሁ ሲጠይቅ የሰነበተው እሱ ራሱ አይደል? ኮቱን ለብሶ አብሮን ሊቆም ተሰናድቶ ነበር፤ ትናንት ከገበያ መሀል ይዘውት ሄዱ፤ የት እንዳስገቡት እንኳ የሚነግረን አጥተናል።»