የኬሪያን ቃል

በባሕር ዳሯ ስፓይትስታውን ከተማ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሰዓት ደርሶ ልጆቹ የቃል ካርዳቸውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዓረፍተ ነገር ሊሠሩ ተሰለፉ። ቅጽሉ «ደስተኛ» እና ግሱ «ናት» ቆሙ። ተውላጠ ስሙ «እሷ» ግን ግድግዳው ላይ ባለ ምስማር እንደተንጠለጠለ ነው። የካርዱን ባለቤት፣ ተማሪዋን ኬሪያንን፣ ባሕር ከወሰዳት ገና ሳምንቷ ነበር።

«ሚስ፣ እኔ ልያዘው?» አለ አንዱ መምህርቷን ሚስ ጊተንስን።

«እጅህን ሰብስብ! እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሷ ነው!» ጮኸችበት አንዷ።

የልጇን ቦርሳ ልትወስድ ከነዓሣ መሸጫ ሽርጧ መጥታ በር ላይ የቆመችው የኬሪያን እናት ገባችና ካርዱን ከምስማሩ አወረደች። ክሩ በጭንቅላቷ አላልፍ ሲል ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ባዶው ቦታ ላይ ቆመች። አጠገቧ ያለችው ልጅ እንደ ልማዷ እጇን ያዘች። ሚስ ጊተንስ ሳታስቆማቸው ክፍሉ ባንድ ድምፅ አነበበ።

«እሷ ደስተኛ ናት!»

እናትየዋ ዓይኗን ጨፍና ለመነች።

«እስቲ ልጆቼ፣ አንዴ ድገሙልኝ።»