ሆዱ የተነፋው ባትሪ

ላም ሆዷ ሲነፋ የምትወጋው የት ላይ እንደሆነ ታውቃለህ? አታውቅም። ሩዋይ ያውቃል። በግራ ጎኗ፣ ከመጨረሻው የጎን አጥንት ኋላ። የከብት ክሊኒኩ ረዳት ሆኖ በዚያች ነጥብ ሃያ ዓመት ሙሉ ከብት ከሞት ሲመልስ ኖሯል።

አሁን ክሊኒኩ ከዱር እንስሳት ጽሕፈት ቤቱ ጋር በሚጋራው ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተንበርክኮ ብርማ ከረጢት የመሰለ ባትሪ ይዳብሳል። የዱር እንስሳ ከሰማይ የምትቆጥረዋ ትንሽ አውሮፕላን፣ ድሮኗ፣ የምትበረው በዚህ ነው። ትናንት ስስ ነበር። ቻርጀር ላይ ተረስቶ ተነፋ።

"ጋሽ ሩዋይ፣ ኧረ ተወው!" ትላለች የክሊኒኩ ባለሙያ ኛቴኒ ከበሩ።

"ነፋስ ይዞታል። ዝም ብዬ ይሙት ልበል?"

"ላም መሰለህ እንዴ?"

"ላም ቢሆን ይሄኔ ረግጦኝ ነበር።" ይስቃል። መውጊያውን ይሰካል።

ፉጨት። ነጭ ጭስ። ከዚያ እሳት፤ መዳፍ ከማይሞላ ነገር የወጣ፣ ክብሪት ያልነካው፣ ሰው የሚያክል እሳት።

ሩዋይ በጀርባው ይወድቃል። ቅንድቡ ተለብልቧል። መሸሹን ግን ረስቶታል፤ አፉን ከፍቶ ያያል። "አምላኬ! መብረቅ አጣጥፈው በከረጢት አስገብተዋል!"

ኛቴኒ አሸዋ ትደፋበታለች። ይከስማል፤ እንደገና ከአሸዋው ሥር ብልጭ ይላል። ትደግመዋለች። እሷም ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

ሠራተኛው ግር ብሎ ሲወጣ የግቢው ኃላፊ ጋች ከፊት ነው። "መሃይም! ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!"

"ሁለተኛው ባትሪ የት ነው?" ትላለች ኛቴኒ።

ጋች ይደነግጣል። "መሳቢያዬ ውስጥ።"

ቁልፉን ተቀብላ ሮጣ ትገባለች፤ የባትሪውን ሳጥን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ አሸዋው ላይ ታስቀምጠዋለች። ይሄኛው አልተነፋም። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከባትሪው ሥር፣ ወረቀት አለ፤ በአማርኛና በኑዌርኛ ተተርጉሞ ከሦስት ወር በፊት ማህተም ያረፈበት። ጮክ ብላ ታነባለች፦ "ቻርጅ ሲደረግ ሰው አይለየው። ካበጠ አይወጋ። ከቤት ወጥቶ አሸዋ ላይ ይቀመጥ። ለሠራተኛ ሁሉ ይነበብ።"



ሩዋይ ይነሣል። ጫፉ የጠቆረውን መውጊያ እንደያዘ ጋች ፊት ይቆማል።

"የወንድሜ ልጅ፣ እኔ አላወቅሁም። አንተ ግን መብረቁንም ወረቀቱንም አንድ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍክባቸው። ለምን? ቢሮህ ገብተህ አይደለም። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ መልስ።"